ያልተወለደ ልጅ ልብስ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለእጸገነት፤

በሰላም መግባትሽን ሾፌሩ ነጋሲ ነግሮኛል። «በራቸው ላይ አወረድኳት፣ ሻንጣዋን አስገባሁላት፣ አማቷም ሻይ አጠጡኝ» አለ። ወልድያ ጭነት በያዘ ቁጥር ደብዳቤያችንን ሊያደርስልን ተስማምቷል። ስልኩ ያለው አማትሽ ሳሎን ውስጥ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለንም። እኔ ደህና ነኝ፣ ቂርቆስ ይመስገን። ባልሽን ገበያውን ሰላም በይልኝ። ወይዘሮ ሸዋአየሁንም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው።

የለመንሽኝን ነገር እሺ ብያለሁ። ለእናትሽ ሙት ዓመት መጥተሽ፣ እግረ መንገድሽን ልታይ ብለሽ፣ ያ ሐኪም በዚያ የጽንሱ ጥቁር ስዕል ላይ ጣቱን አድርጎ «ሁለቱም እግሮች ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ ቆልማማ እግር ነው» ያለንን አንቺ፣ ባልሽና እኔ እናውቃለን። አማትሽ እስክትወልጂ ከእኔ አይሰሙም። እሺ ያልኩት ግን አንቺን ላለማስከፋት ይሁን፣ ወይስ እኔም እሳቸውን ስለምፈራ፣ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አላገኘሁትም።

ካንቺ ደብቄ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ አትቆጪኝ። ሐኪም ቤቱ ብቻዬን ተመለስኩ። የሕፃናትን እግር የሚያክም ረጋሳ የሚባል ወጣት አገናኙኝ። «አባባ፣ ልጁ የት አለ?» አለኝ። «በእናቱ ሆድ» አልኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። የሕፃን አጥንት ገና ሰም ነው አለ። በተወለደ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ከደረሰለት በእጁ እያሸ፣ በየሳምንቱ ጀሶ እያደረገ ያቃናዋል። ከቆየ ግን ይጠነክራል፣ ነገሩም ሌላ ይሆናል። ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩትም። አቅም አጣሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ እዚህ መውለድ አለብሽ። በወልድያ እንዲህ ያለ ሰው ስለመኖሩ ረጋሳም አያውቅም። የመጀመሪያ ልጅ በሴቷ ወላጆች ቤት ይወለዳል የሚለው ወግ ይረዳናል፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ የለብሽም።

አባትሽ አታክልቲ


ወልድያ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ዘይት እየቀቡት ነው? ደብዳቤዎን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት፣ ቂርቆስ ይቅር ይበለኝ።

አልቆጣሁም። ብቻዎን በዚያ ኮሪደር ሲሄዱ ሳስበው ግን አለቀስኩ። እማዬ ብትኖር ኖሮ እርስዎ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ስሰናበትዎ እንቅልፌን ጠይቀውኝ ነበር። እተኛለሁ፣ ግን ሲራገጥ እነቃለሁ። ድሮ ሲራገጥ ገበያውን ጠርቼ እጁን ሆዴ ላይ አደርግ ነበር። አሁን «ይኼ እግሩ ነው» ብዬ እሸማቀቃለሁ። በየትኛው በኩል እየመታኝ ይሆን እላለሁ። ገበያው እጁን ሲያመጣ አሁን እንደተኛሁ እሆናለሁ። አባዬ፣ ይኼ ኃጢአት ነው?

እማማ ሸዋአየሁ መሄዴን ፈቅደዋል። «ወጉ ነው፣ ትሂድ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «እናት በሌለችበት ቤት ማን ያርሳታል? አባቷ ገንፎ ሊያገነፋላት ነው?» ሲሉ ገበያው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምክር የሚጠይቃቸው ሴት ናቸው። «የእሳቸው የልጅ ልጅ እንዲህ ሆኖ ተወለደ» ሲባል ምን እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ገበያውም አያውቅም። እኔን ባይሉ እንኳ ልጄን እንዳይጠየፉት እፈራለሁ።

በጀሶ ላይ ምን ይለብሳል? እዚህ ማንን እጠይቃለሁ? እስቲ ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ እጸገነት


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለእጸገነት፤

ኃጢአት አይደለም። እኔ የተማርኩት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው፣ ዕድሜዬንም የአውቶቡስ ትኬት ስቆርጥ ነው የኖርኩት፤ የመጽሐፍ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ቅዱስ ቂርቆስ ያን የሚፈላ ውኃ ሲያይ እናቱ ኢየሉጣ ፈርታ ነበር፣ ያበረታትም ልጇ ነው። በፈራች ማንም አልወቀሳትም። ለገበያው እጁን መልሺለት። የሚራገጠው የእሱም ልጅ ነው።

ስለ ልብሱ ረጋሳን ጠይቄዋለሁ። ጀሶው ከእግሩ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ጭኑ ይደርሳል፤ ጉልበቱ ታጥፎ ነው የሚታሰረው። የሱቁ ሱሪ ሁሉ እግሩ ጠባብ፣ ጫፉም የተዘጋ ስለሆነ አይገባም። እግሩ የሰፋ፣ በጎን ተከፍቶ በቁልፍ የሚዘጋ መሆን አለበት። ሲተኛ ደግሞ ከታች ክፍት የሆነ ቀሚስ ይለብሳል፣ ወንድም ቢሆን። ጣቶቹ ምንጊዜም መታየት አለባቸው፤ ከጠቆሩ ወይ ከቀዘቀዙ ሮጦ መምጣት ነው። ከተረከዙ በታች የሚገባ ለስላሳ ትንሽ ትራስም ይፈልጋል። ጀሶው ካለቀ በኋላ በብረት የተያያዘ ጫማ ስለሚያደርግ ስፌቱ የማይቆረቁር ረጅም የጥጥ ካልሲ ያስፈልገዋል።

አንቺ እስክትመጪ መቆየት አቃተኝ። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ትንሽ ያርፋል። ሳምራ ሱቅ ገባሁ፣ ያቺ እናትሽ ነጠላ የምትገዛባት የስልጤ ልጅ። ትንንሾቹን ሱሪዎች መረጥኩ።

«አባባ፣ ስንት ወሩ ነው?»

«ገና ነው።»

«ወር አልሞላውም?»

«አልተወለደም» አልኳት።

እጇ ላስቲኩ ላይ ቀረ። «እና ዛሬ ይገዙለታል?» አለች። «አላህ ያቆይልዎ» ብላ ጠቀለለችልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ከእሷ ወጥቼ ሱሌማን ዘንድ ሄድኩ፣ በረንዳው ላይ የሚሰፋው። «በጎንና በጎኑ ቅደድልኝ፣ ጨርቅ ጨምረህ አስፋልኝ» ስለው ሱሪውን ብርሃን ላይ አንሥቶ አየው። «አባባ፣ ይኼ የሕፃን ነው የፈረሰኛ?» አለኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር። ስፌቱን ግን አሳምሮታል፤ ቁልፉን የሕፃኑን ገላ እንዳይነካ በውጭ በኩል አድርጎታል።

ጥቅሉን ይዤ ባምቢስ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ነጋሲ አየኝ። ከመኪናው ሳይወርድ «ጋሽ አታክልቲ፣ የሕፃን ልብስ? ሙሽራ ደብቀውን ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከእፍረቴ የተነሣ «ለእጸገነት ነው፣ አሰፍቼ መምጣቴ ነው» አልኩ። ሳቁን ወዲያው አቆመ።

እኔም እዚያው ቆሜ ደነገጥኩ። ላልተወለደ ልጅ ልብስ እንደማይገዛ አውቃለሁኮ። እናትሽ አንቺን ስትጠብቅ አንዲት ካልሲ ቤታችን አልገባችም፤ በአክስትሽ አሮጌ ነጠላ ነው የተቀበልንሽ። እግሩን ብቻ ሳስብ ሕይወቱን ረሳሁት። ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔን አዞራለሁ። ምናልባት የሞኝ ፍርሃት ነው። አንቺ ጋ እንዳይጋባ ብዬ ልሰርዘው ነበር፣ ግን እውነት እንነጋገር ተባብለናል።

አባትሽ


ወልድያ፣ ጥር 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባዬ፣ ሰላምታዬን በችኮላ ይቀበሉኝ። ነጋሲ መኪናውን እያሞቀ ነው።

ነገሩ ተበላሸ። ትናንት ነጋሲ ሻይ ሲጠጣ ስለ ልብሱ ለእማማ ነገራቸው። በክፋት አይደለም፤ «አያትየውማ ልብሱን አሰፍተው ጨርሰዋል» ብሎ ሲያወራ አመለጠው። እማማ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ነጋሲን እስከ በር ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አባትሽ ልጁን ሊቀብረው ነው?» አሉ።

ሁለት ልጆች ሞተውባቸዋል አባዬ፣ ከገበያው በፊት። አላውቅም ነበር። ለሁለቱም ቀድመው ልብስ አዘጋጅተው ነበር አሉ። ለገበያው ምንም አላዘጋጁም፣ እሱ ተረፈ።

«የተሰፋ ልብስ ወዳለበት ቤት ነፍሰ ጡር አልሰድም፣ እዚሁ ትወልዳለች» ብለዋል። ገበያው «እናቴ፣ እንዲህ አይባልም» አላቸውና ወጥቶ ቀኑን ሙሉ አልተመለሰም። እኔ ስለ እግሩ ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አሁን ብነግራቸው «ልብሱ ነው ያመጣበት» አይሉም? ከተወለደ በኋላስ እግሩን ባዩ ቁጥር እርስዎን አያስቡም?

እሳቸውም ጽፈውልዎታል፣ ከዚህ ጋር ነው። ሲያነቡት ይቀመጡ። እኔ እዚህ ከወለድኩ ልጄ እንዴት ይሆናል?

እጸገነት


ወልድያ፣ ጥር 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አታክልቲ፤

ጤናዎን ይስጥዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጽሕፈቴ በመሠረተ ትምህርት የተለቀመ ነው፣ ቢያስቸግርዎ ይታገሱኝ።

አቶ አታክልቲ፣ የሰማሁት እውነት ነው? ወንድ ነዎት፣ ባለቤትዎም የሉም፣ የሚነግርዎ አልነበረም ብዬ ልተው አሰብኩ። ግን የትግሬም እናት የወሎም እናት ይኼን ታውቃለች፤ ከእናትዎ ቤት ሳይሰሙት አልቀሩም። ሞት የተጠራበትን ቤት ይወዳል። እኔ ሁለቴ ጠርቼው መጥቷል።

ልጅዎን አልከለከልኩም። ልጄም ናት። ቤትዎ ግን መጀመሪያ ይጥራ። አንዲት ጨርቅ ሳትቀር ያውጡ። አይሽጡት፣ ገንዘቡም አይግባ። ይስጡት። ከዚያ «አውጥቻለሁ» ብለው በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ እኔ አምናለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆንዎን ስለማውቅ ቃልዎ ይበቃኛል። ያኔ እልካታለሁ። ሕፃኑ የሚጠቀለልበትን እኔ እሰጣታለሁ፤ ገበያው ያደገበት ጋቢ ነው። ያደገ ልጅ ልብስ ሌላውንም ያሳድጋል።

ይኼን ሁሉ ለምን እንደቸኮሉ ግን አልገባኝም። የሚቸኩል ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

ሸዋአየሁ


ካዛንቺስ፣ ጥር 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለእጸገነት፤

ለአማትሽ ከዚህ ጋር ያለችውን አጭር ወረቀት ስጫቸው። «አውጥቻለሁ። ቤቴ ባዶ ነው። ይቅር በሉኝ» ይላል። እውነት ነው። ለምን እንደቸኮልኩ ለጠየቁኝ ግን አልመለስኩም፤ የመጨረሻዋን መስመራቸውን ደጋግሜ አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት።

የሆነውን ልንገርሽ። ደብዳቤያቸውን ይዤ ቄስ ኃይለገብርኤል ዘንድ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። «ልብስ ሰው አይገድልም፣ አታክልቲ» አሉኝ። እፎይ ልል ስል «ግን ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ፍርሃቷን ከመጽሐፍ አላመጣችውም፣ በመጽሐፍም አታስለቅቃትም። የለመነችህን አድርግላት» አሉ። ወጥቼ ቅጥሩ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሸዋአየሁን ለማስታገሥ ነው የምሰጠው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ውሸት ነው። ከእሳቸው ይልቅ እኔ እፈራ ነበር። የልብሱን ጥቅል ከቁም ሳጥኑ ያወጣሁት ዓይኔን አዙሬ ነው።

ለማን ልስጠው? ሰፋፊ እግር ያለው ሱሪ ለጤነኛ ልጅ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ በቂርቆስ ማግስት ወደ ረጋሳ ወሰድኩት። እናቶቹ በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ እግር እናት ነበረች፣ ሉሊ ትባላለች፣ እዚሁ ቡልጋሪያ ሰፈር ነው ቤቷ። ሴት ልጇ ዮሃና ገና መወለዷ ነው፤ ሱሪ አልገባ ብሏት በፎጣ ጠቅልላታለች፣ ጀሶው ከፎጣው ወጥቶ ጣቶቿን ብርድ ይመታቸዋል። ጥቅሉን አጠገቧ አኖርኩ።

ፈታችው። አንዱን ሱሪ ዘረጋችና ቁልፎቹን አየች። ደስ አላት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አዲስ ነው። ማንም አልለበሰውም።»

«አዎ።»

«የሞተ ልጅ ነው እንዴ?»

እጸገነት፣ ልብሱን ብቻ አየሁ። እናቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በቆየሁ ቁጥር እውነት እየመሰለ ሄደ። ልብሱን ቀስ ብላ አጥፋ ወደ እኔ ገፋችው።

«የሞተ አይደለም፣ ያልተወለደ ነው» አልኩ። «የልጄ ልጅ ነው። እንዳንቺዋ ነው እግሩ። አያቱ ነኝ፣ ሴት የለችም ቤቴ፣ ቸኩዬ ነው።» ጨርሶ ለማላውቃቸው ሰዎች ምስጢራችንን አወጣሁት። አጠገቧ ያለችው ወፍራም ሴትዮ «ታዲያ ምን ያስደብቀዋል፣ እዚህ ሁላችንም ይኼንኑ ተሸክመን አይደል የተቀመጥነው?» አለች። ሉሊ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። ሱሪውን ዮሃናን እዚያው አለበሰቻት። ልክ ገባ። ፈረሰኛ መሰለች።

ቤቴ ስመለስ ባዶውን ቁም ሳጥን ከፍቼ አየሁት። አሁን ምንም የለንም። ይኼም አስፈራኝ።

ነይ ልጄ።

አባትሽ


ወልድያ፣ የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባዬ፤

ወረቀትዎን አንብበው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ሰው ነው» አሉ።

ዓርብ ከገበያው ጋር እንሣፈራለን። ጋቢውን ሰጥተውኛል። ስለ እግሩ አልነገርኳቸውም። ሊስሙኝ ሲመጡ ጎንበስ ብለው ሆዴን ዳሰሱት፤ ልክ ያኔ ተራገጠ። «ጉልበት አለው» አሉ ደስ ብሏቸው። እኔ ፈገግ ብዬ ነጠላዬን ሆዴ ላይ ሳብኩ።

ስመጣ ብቻ ይቀበሉኝ፣ ምንም አይጠይቁኝ።

እጸገነት


ካዛንቺስ፣ መጋቢት 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሸዋአየሁ፤

በጾሙ እንዴት ሰነበቱ? ገበያው በስልክ «ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎዎታል። ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቁት መስመሩ ተቋረጠ ያለዎት ግን አልተቋረጠም። እሱ ነው የዘጋው። የቀረውን እኔ እንድጽፍ ተስማምተናል፤ ትልቅ እኔ ነኝና።

የልጅ ልጃችን ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ የዞሩ ናቸው። ከኅዳር ጀምሮ እናውቅ ነበር። ለምን ቸኮሉ ብለው የጠየቁኝ መልሱ ይኼ ነው። ልብሱ ያመጣበት አይደለም፤ ልብሱን ያሰፋሁት እግሩን ስላወቅሁ ነው። እጸገነትን አይውቀሷት። ብትነግርዎ ልጇን ይጠየፉታል ብላ ፈራች፣ እኔም ፍርሃቷን ከማስወገድ ይልቅ አብሬያት ፈራሁ።

በመጣልን በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በገበያው ጋቢ ጠቅልለን የሕፃናትን እግር ወደሚያቃና ባለሙያ ወሰድነው። ባለሙያው የሕፃኑን እግር ይዞ ቀስ እያለ ሲያዞረው እኔ ወጣሁ። ከውስጥ ጩኸቱ ይሰማኛል። «ጌታዬ፣ ይኼን ሕፃን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ወይስ ያዳንኩት?» እያልኩ ግድግዳውን ያዝኩ። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ፤ መቆሙ የባሰ አስደነገጠኝ። በሩን ስከፍት እናቱ ጡት አጉርሳዋለች፣ ሁለቱ እግሮቹ እስከ ጭኑ ነጭ ሆነዋል። ጣቶቹ ሮዝ ናቸው። ደጋግሜ ነካኋቸው።

እዚያው በሩ ላይ ሉሊ የምትባል እናት አገኘችኝ። ያን ልብስ የሰጠሁት ለእሷ ልጅ ነበር። ልጇ ዮሃና ጀሶውን ጨርሳለች፣ አሁን በብረት የተያያዘ ጫማ ታደርጋለች፤ እግሯ ቀጥ ብሏል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሉሊ በላስቲክ የያዘችውን ሰጠችኝ። «አባባ፣ አላለቀም። አደገችና ጠበባት። አጥቤዋለሁ፣ ጀሶው ግን ከስፌቱ ውስጥ አልወጣ አለኝ» አለች።

ወስጄ ቤቴ አላስገባሁትም። ጎረቤት አስቀምጬዋለሁ። ሕፃኑ አሁን በጋቢ ነው ያለው፤ እግሩን ስናሞቅ ላቡ፣ ስንገልጥ ብርዱ አስቸግሮናል። ያ ሱሪ ያስፈልገዋል። ግን ቃል ሰጥቼዎታለሁ። አዲስ አይደለም አሁን፣ ያደገች ልጅ ለብሳዋለች፣ እርስዎ እንዳሉት። ቢሆንም ሳልጠይቅዎ አላለብሰውም።

ምን ይላሉ?

ክርስትናው በሚያዝያ 23 ነው። ባለሙያው ጠዋት ጀሶውን ይፈታለታል፣ ተጠምቆ ሲመለስ አዲስ ያደርግለታል። ይመጣሉ ብዬ አልደፍርም። ብቻ በሩ ክፍት ነው።

አታክልቲ


ወልድያ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአቶ አታክልቲ፤

ልብሱን አልብሱት። ለዚህ ደብዳቤ መጠበቅዎ አስቆጣኝ፣ መጠየቅዎ ግን አስለቀሰኝ። ስንት ቀን በርዶት ይሆን።

እኔ ልብሱን ስፈራ፣ ለካ እናንተ እኔን ትፈሩ ነበር። ሦስት ወር ያህል አንድ ማዕድ ቆርሰን ስንበላ ልጄ ከእኔ ተደብቃ ታለቅስ ኖሯል። ይኼን ለቄሴ እናገራለሁ እንጂ ለእርስዎ አልጽፈውም።

የሞቱብኝ ልጆቼ እግራቸው ቀጥ ያለ ነበር፣ አቶ አታክልቲ። እግር ምን ያደርጋል። ይኼ ይኑርልኝ።

ለክርስትናው እመጣለሁ፣ ነጋሲ ከፊት ያስቀምጠኛል፤ በመንገድ ላይ እንዳያወራኝ ነግሬዋለሁ። የዚያችን ልጅ ስም ደግመው ይጻፉልኝ። ዮሃና ነው ያሉት? ለማርያም ስሟን ልስጥላት። ሰው ሳይነግራት የእኛን ልብስ አሳድጋልናለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ትናንት ገበያ ወጥቼ ሁለት ጫማ ገዛሁ፣ የወንድና የሴት፣ መራመድ ለጀመረ ልጅ የሚሆን። ጀሶውም ብረቱም ገና ብዙ ጊዜ እንዳለው ገበያው ነግሮኛል። ባለሱቁ «እማማ፣ ልጆቹ ይራመዳሉ?» ሲለኝ «ገና ናቸው» አልኩት። እስከ ቤቴ ድረስ በነጠላዬ ሸፍኜ ወሰድኩት።

ሳጥኔ ውስጥ ነው። ይዤው እመጣለሁ።

ሸዋአየሁ